«ወንድሜ ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ ቀረ፤ ቀጣዩ እኔ እሆን?»

የፍቅርና የትዳር ደብዳቤዎቻችሁ እንደ ልማዳቸው ብዙ ናቸው፤ ተራቸውን ጠብቀው ይስተናገዳሉ። ዛሬ ግን ከጉለሌ የደረሰንን አንድ ደብዳቤ እናስቀድማለን፤ ምክንያቱም ይህኛው ለሳምንት የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ጠያቂያችን ስሙ እንዳይገለጽ አሳስቧል። እኛም ማንነቱን የሚያሳውቁትን ነገሮች አውጥተን፣ አሳጥረን አቅርበነዋል።

«የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ከስድስት ወር በፊት፣ እሁድ ጠዋት የሰፈር ኳስ እየተጫወተ ማንም ሳይነካው በፊቱ ተደፋ። ክብሪት ጭረን አሸተትነው፣ ውሃ ደፋንበት፣ አልነቃም። መኪና ፈልገን ሆስፒታል ስናደርሰው ‹ሕይወቱ አልፏል› አሉን። በማግስቱ ቀበርነው። እናቴ ‹ዓይን በላው› ትላለች። አክስቴ ‹ምች ነው› ትላለች። የጎረቤቱን ወሬማ ተዉት። ሐኪም ግን ማንም አልጠየቀም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ ያውቃል፤ ‹ቁርስ ስላልበላሁ ነው› ብሎ አለፈው። አሁን እኔም ስጫወት ልቤ አንዳንዴ ድው ድው ይልብኛል። ጓደኛዬ ‹ተመርመር› እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እኔ ግን እፈራለሁ። አንድ ክለብ ለሙከራ ጠርቶኛል፤ ‹የልብ በሽተኛ ነው› ከተባልኩ አለቀልኝ። እናቴም በሁለተኛ ልጇ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብትሰማ አትችለውም። ባላውቀውስ አይሻልም?»

ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የ25 ዓመት ወንድም በአንድ ጠዋት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ በደብዳቤህ ውስጥ ይታያል።

ለጥያቄህ የምንሰጠው መልስ ግን አጭር ነው። አይሻልም። ተመርመር። ያውም ከክለቡ ሙከራ በፊት ተመርመር፤ ውጤቱ ታውቆ ሐኪሙ «ተጫወት» እስኪልህ ድረስም ኳሱን አቁም። ይህን የምንልህ ልናስፈራራህ አይደለም። የልብህ መዝለል ብቻውን ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ወንድሙን የቀበረ ሰው የልቡን ትርታ ማዳመጥ ያበዛል። ነገር ግን በደብዳቤህ ውስጥ ሐኪም ቢያነበው ከወንበሩ የሚያስነሳው ሁለት ነገር አለ። ወንድምህ እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ ነበር። በኋላም ያለ ምክንያት ወድቆ ሞተ። የእናቱና የአባቱ ልጅ ደግሞ አንተ ነህ።

«ድንገት» የምንለው ነገር

ልብ ጡንቻ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ግን ከራሱ ከልብ የሚነሳ ስስ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ይህ ምልክት ድንገት ሥርዓቱን ሲያጣ የልብ ጡንቻ በአንድነት መጭመቁን ትቶ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ልብ ደም አይረጭም። አንጎል ደም ሲያጣ ሰውየው በሰኮንዶች ውስጥ ይወድቃል። ሳይለፋደድ፣ «ኧረ ደረቴን» ሳይል፣ እንደ ወንድምህ በፊቱ ይደፋል።

ከ35 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ የዚህ ዋናው ምክንያት የልብ ደም ሥሮች በስብ መጥበብ ነው። ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ስኳር በሽታ የሚመጡትም እዚህ ላይ ነው። በእናንተ ዕድሜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ወጣቱ አብሮት የተወለደ ወይም በልጅነቱ ያገኘው የልብ ችግር ኖሮበት ሳያውቀው ያድጋል። የልብ ጡንቻው ከመጠን በላይ ወፍሮ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪኩ መስመር ሲወለድ ጀምሮ የተዛባ ሊሆን ይችላል። የልብ በሮቹ የተጎዱ፣ ወይም ልቡ በቫይረስ የተቆጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሞቱ ነው እንጂ ድንገተኛው፣ ሕመሙ ለዓመታት አብሮ ሲኖር የከረመ ነው። ምርመራ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ሞት ከመምጣቱ በፊት የሚገኝ ነገር አለ።

የወንድምህን ልብ ያየው ሐኪም ስለሌለ ምን እንደገደለው እኛ ከዚህ ሆነን አንናገርም። ሰው ራሱን የሚስትበት መንገድ ግን ልዩነት አለው። ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ሰዓት ቆሞ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ደም አይቶ ዞሮበት የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ አደጋ የለበትም። እየሮጠ፣ ዳገት እየወጣ፣ እየዋኘ፣ ወይም ድንገት ደንግጦ የሚወድቅ ግን የልብ ሐኪም ሳያየው መዋል የለበትም። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» ብዙ ሰው ያታለለች ቃል ናት።

የፎዬና የኤሪክሰን ነገር

የኳስ ወዳጅ ነህና ሁለት ታሪክ እናስታውስህ። ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ካሜሩንና ኮሎምቢያ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲጫወቱ፣ የካሜሩኑ አማካይ ማርክ ቪቪያን ፎዬ በ72ኛው ደቂቃ መሐል ሜዳ ላይ ወደቀ። ማንም አልነካውም። ሕይወቱን ማትረፍ አልተቻለም። ዕድሜው 28 ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ጡንቻ በሽታ ባለበት ሁኔታ ወፍሮ ተገኘ።

ሁለተኛው ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ክርስቲያን ኤሪክሰን በተመሳሳይ ሁኔታ ተደፋ። ወዲያው ደረቱን መጫን ጀመሩ፤ በኤሌክትሪክ ልብን በሚያስነሳው መሣሪያም መቱት። ተነሣ። ከዚያ ልቡ ሲዛባ ራሱ የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ተቀበረለት። በዓመቱ ማንቼ ገባ፤ ሦስት የውድድር ዘመንም ተጫወተ። በ2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ለአገሩ ጎል ሲያስቆጥር ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል።

«የልብ በሽተኛ ከተባልኩ አለቀልኝ» ላልከው ይህ ሰው መልስ ይሆንሃል። እውነቱን ለመናገር፣ ለሁሉም እንዲህ አይሳካም። አንዳንዱ ኳሱን መተው ግድ ይሆንበታል። ኳስ ማቆም ግን ሕይወት ማቆም አይደለም።

አንተ ብቻ አይደለህም የምትመረመረው

የልብ ጡንቻን የሚያወፍረው በሽታ ከ500 ሰው በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። በዘር የሚመጣው ሲሆን፣ ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ችግሮችም ብዙዎቹ በዘር ይተላለፋሉ። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት ሁሉ ልባቸውን ይታያሉ።

እናትህ አትችለውም ያልከውን እናውቃለን። ግን አስበው፤ እስካሁን እሷ የምትኖረው ልጇን «ማን በላብኝ» እያለች ነው። ጥርጣሬው ደግሞ የሆነች ጎረቤት ላይ ሳያርፍ አይቀርም። ሐኪም ቤት የሚገኘው መልስ ልጇን አይመልስላትም፤ ሆኖም የቀሩትን ልጆቿን ሊያቆይላት፣ ጎረቤቷንም ከሐሜት ሊያወጣላት ይችላል። መጀመሪያ ከጓደኛህ ጋር ሄደህ ተመርመር። ውጤቱን ከያዝክ በኋላ የምትሰማውን አንድ ሰው፣ አጎት ይሁን የንስሐ አባት፣ ይዘህ ንገራት። ጸበሉን ትጠመቅ፤ እንጦጦ ቅርባችሁ ነው። ጸበል ግን ሐኪም ቤት መሄድን አይከለክልም።

በእኛ ሰፈር ዋናው ሌባ

እስካሁን ያልነው በዓለም ሁሉ ያለ ነው። በእኛ አገር ግን የወጣቱን ልብ ከሁሉ በላይ የሚዘርፈው ሌላ ነው፤ በቶንሲል የሚጀምር።

አንድ ዓይነት ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም አለ። ልጁ ያተኩሰዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ በሳምንት ይድናል። በደንብ ካልታከመ ግን አንዳንዱ ልጅ ላይ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነቱ ራሱን ማጥቃት ይጀምራል። ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዞራል። ቤተሰብ «ቁርጥማት ነው» ወይም «እያደገ ነው» ይላል። እሱም ያልፋል። የልብ በሮቹ ላይ የተወው ጠባሳ ግን አያልፍም። ሩማቲክ የልብ ሕመም የምንለው ይህን ነው። ሰው ተፋፍጎ በሚያድርበት ቤት ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይዛመታል። በአንድ ክፍል ቤት ስድስት ሰባት ሆነው የሚያድሩ ሰዎች በሞሉበት እንደ ጉለሌ ባለ ሰፈር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥም ባክቴሪያውን አያወጣውም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከ3,200 በላይ ተማሪዎችን ልብ «ኤኮ» በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ አየ። ከ1,000 ተማሪ 19ኙ ላይ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኘ። ደህና ነን ብለው ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች ናቸው።

ደስ የሚለው ዜና ከጎረቤት ኡጋንዳ ነው። በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ሕመሙ ገና ሳይሰማቸው በኤኮ የተገኘባቸው 818 ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወጉ ግማሾቹ አልተወጉም። ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተወጉት ውስጥ 8.2 በመቶው ላይ በሽታው ሲባባስ፣ ከተወጉት ግን 0.8 በመቶው ላይ ብቻ ተባባሰ። አስቡት፤ ልብ ከተበላሸ በኋላ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሕመም፣ አስቀድሞ ከተገኘ የወር መርፌ ያስቆመዋል።

ካልተገኘስ? በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የልብ ሕክምና ማዕከል አስታውሱ። የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን የመሠረቱት ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ ደክመው ያቆሙት ነው። የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል። ሆኖም የቀዶ ሕክምናው ተራ ረጅም ነው፤ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ወደዚያ ሰልፍ ከመግባት በፊት መገኘት ይሻላል።

እህቶቻችንም ይህን ስሙ። የተጎዳ የልብ በር ያላት ወጣት ለዓመታት ምንም ሳይሰማት ኖራ፣ ስታረግዝ ልቧ ላይ በሚጨመረው ሥራ ምክንያት ድንገት ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል። ለሠርግ ስትዘጋጁ፣ የደም ምርመራ ስታደርጉ፣ «ልቤንም አዳምጡልኝ» ብትሉ አታፍሩ።

ምርመራው ምን ይመስላል?

አያምም። ምንም የሚቆረጥ፣ የሚወጋ ነገር የለውም። በአቅራቢያህ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂድና ታሪክህን እንደጻፍክልን ንገራቸው። «ልቤ ይዘላል» ብቻ ብለህ አትመለስ፤ «ወንድሜ በ25 ዓመቱ እየተጫወተ ሞቷል፣ ከዚያ በፊትም እየሮጠ ራሱን ስቷል» በል። ይህች ዓረፍተ ነገር ሪፈር ታስጽፍልሃለች። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካላችሁ ሪፈሩን ተከትለህ ሂድ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እዚያው ጉለሌ ነው።

የሚደረግልህ እነዚህ ናቸው፦

1. ጥያቄና ማዳመጥ። ደም ግፊትህን ይለካሉ፤ ልብህን ተኝተህም ቆመህም ያዳምጣሉ። ርካሹ ምርመራ ነው፤ ብዙም ይናገራል።

2. ኢሲጂ። ደረትህና እጅ እግርህ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልብህ ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ ይነበባል። ደቂቃዎች ይበቁታል። አንድ ነገር እወቅ፤ በጥቁር ስፖርተኞች ኢሲጂ ላይ በሌላው ሰው በሽታ የሚመስል፣ በእነሱ ግን ጤናማ የሆነ መስመር ይታያል። ስለዚህ ወረቀቱን አይተህ አትደንግጥ፤ የልብ ሐኪም ያንብብልህ።

3. ኤኮ። እርጉዝ ሴት እንደምትታይበት ዓይነት መሣሪያ ነው። የጡንቻውን ውፍረትና የበሮቹን አከፋፈት በዓይን ያሳያል።

እንደ አስፈላጊነቱም እየሮጥክ የሚለካ ወይም ሙሉ ቀን አብሮህ የሚውል ኢሲጂ ሊጨመር ይችላል።

አንድ ነገር ቢገኝስ? እንደ ዓይነቱ ነው። አንዳንዱ በእንክብል ይያዛል። አንዳንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር በቀጭን ሽቦ ተቃጥሎ ጨርሶ ይድናል፤ አንዳንዱ የኤሪክሰንን ዓይነት መሣሪያ ይፈልጋል። የበሮቹ ጉዳት ከሆነ የወር መርፌው አለ። መርፌውን የምትወስዱም «ይገድላል» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ አታቋርጡ፤ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ፤ ጋደም ብላችሁ ተወጉ፤ ከተወጋችሁ በኋላም ትንሽ ቆዩ።

ምርመራ ሁሉን ያያል?

አያይም፤ እንዳንዋሽህ። ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ተወዳዳሪ ስፖርተኞቿን ሁሉ በሕግ ታስመረምራለች። ቬኔቶ በሚባለው ክልል በወጣት ስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የልብ ሞት በዓመት ከ100,000 ሰው 3.6 የነበረው፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ 0.4 ወርዷል። በሌላ በኩል እንግሊዞች ከ11,000 በላይ ታዳጊ ተጫዋቾችን መርምረው 42ቱ ላይ አደገኛ ሕመም አገኙ። በኋላ በልብ ከሞቱት 8 ልጆች ግን 6ቱ ሲመረመሩ «ደህና» የተባሉ ነበሩ። ስለዚህ ምርመራ ወንፊት ነው፤ ብዙውን ይይዛል፣ ጥቂት ያሾልካል። አንዴ ደህና ብትባልም አዲስ ምልክት ከመጣ ተመለስ።

ወንፊቱ ላሾለከው ደግሞ ሜዳው ዳር የቆመ ሰው ያስፈልጋል። እሁድ እሁድ የምትጫወቱ ሁሉ ይህችን ቆርጣችሁ ያዙ፦

- ሰው ሳይነካ ወድቆ ሲጠሩት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ ልቡ ቆሟል በሉ። አልፎ አልፎ የማንኮራፋት ዓይነት ትንፋሽ ቢያሰማም ያው ነው።
- አንዱ 907 ወይም 939 ይደውል።
- ሌላው በጀርባው ያስተኛው፤ ደረቱ መሐል ላይ እጅ በእጅ ደርቦ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሰምጥ ይጫን። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክመው ሌላ ይተካው።
- ክብሪት፣ ሽንኩርት፣ ቁልፍ ማስያዝ፣ ውሃ መድፋት ይቅር። ምንም ሳይደረግለት በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ወንድማችን፣ የመጨረሻውን አንተን አይወቅስህም። በዚያች እሁድ ማንም አላስተማራችሁም ነበር፤ የምታውቁትን አደረጋችሁ።

ሌሎቻችሁም ራሳችሁን ጠይቁ። እየሮጣችሁ ራሳችሁን ስታችሁ ታውቃላችሁ? ሽቅብ ስትወጡ ከእኩዮቻችሁ በተለየ ደረታችሁን ይይዛችኋል ወይም ትንፋሽ ያጥራችኋል? በልጅነታችሁ የመገጣጠሚያ እብጠት ነበረባችሁ? ከዘመዶቻችሁ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች ሳለ ድንገት የሞተ፣ ዋና እያወቀ ውሃ የበላው አለ? «የሚጥል በሽታ» ተብሎ መድኃኒት ያልሰማለትስ? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጫት ቅማችሁ፣ ኃይል ሰጪ መጠጥ ደርባችሁ፣ በማግስቱ ጠዋት እንጦጦን በሩጫ የምትወጡ ልጆችም ልባችሁን እዘኑላት። ጫት የልብ ምትንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ዳገቱ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ጠያቂያችን ውጤቱን ሲያገኝ ሁለት መስመር ቢጽፍልን ደስ ይለናል። ለሳምንት በትዳር ደብዳቤዎቻችሁ እስክንገናኝ፣ ልባችሁን ይጠብቅላችሁ።